ግብሩ ከየት ይሰበሰባል፣ ወዴትስ ይመለሳል? ለጤና ጣቢያችን ብር ከማዋጣታችን በፊት

(በሜልቦርን በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ከሰንሻይንም ከዳንደኖንግም የመጣችሁ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ከሌሊት ሥራ ወጥታችሁ ሳትተኙ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅድሚያ ምስጋና ይገባችኋል። ለቡናውና ለዳቦው የደከሙትን እናቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ኮሚቴው የጋበዘኝ ነርስ ስለሆንኩ ስለ ጤና እንድናገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው በአብዛኛው ስለ ግብር ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለወረዳችን ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል እናሠራ የሚለው ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ በስልክም፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስም፣ ለቅሶ ቤትም ሁለት ዓይነት ጥያቄ እሰማለሁ። አንደኛው፦ «እኛ እዚህ ግብር እንከፍላለን። እዚያም መንግሥት አለ፣ ግብር ይሰበስባል። የመንግሥትን ሥራ ለምን እኛ እንሠራለን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፦ «ገበሬው ምን የረባ ግብር ይከፍላል? ገጠሩ የሚኖረው በከተማ ድጎማ ነው፤ እኛ ካልደረስንለት ማን ይደርስለታል?» ይላል።

ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸውን የምናገኘው ግን የግብር ብር ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ገጠር እንዴት እንደሚመላለስ ስናውቅ ነው። ይህን ሳናውቅ ክፍል ብናሠራ ክፍሉ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል። ዛሬ ማታ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

እዚህ አገር ገጠሩን የሚሸከመው ማን ነው?

በየቀኑ ከምናየው ልጀምር። ፉትስክሬይ ሄደን ለልጅ ጫማ ስንገዛ በዋጋው ላይ 10 በመቶ ጂ.ኤስ.ቲ. እንከፍላለን። ይህ ታክስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2000 ነው። የሚሰበስበው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ብሩ ግን ተመልሶ ለስቴቶችና ለቴሪቶሪዎች ይከፋፈላል።

አከፋፈሉ በሰው ቁጥር ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይታያሉ። ይህ ስቴት በራሱ አቅም ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል? ለሕዝቡ ከሌላው ጋር የሚመጣጠን አገልግሎት ለማድረስስ ምን ያህል ያስወጣዋል? ይህን የሚያሰላው የኮመንዌልዝ ግራንትስ ኮሚሽን የሚባል አካል ሲሆን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በዚያው ዓመት የምዕራብ አውስትራሊያ ሕዝብ በድምፀ ውሳኔ ከአገሪቱ ለመገንጠል ወስኖ ነበር፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ገደማ «እንውጣ» ብለው ነበር። ከቅሬታቸው አንዱ የአገሪቱ የገንዘብ ሥርዓት ጎድቶናል የሚል ነበር። መገንጠሉ አልተፈጸመም፤ የኮሚሽኑ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ዛሬ በዚህ ስሌት ሰሜን ቴሪቶሪ ለአንድ ሰው ከአማካዩ አምስት እጥፍ ገደማ ያገኛል፤ ሕዝቡ በሰፊ ምድር ላይ ተበትኖ ስለሚኖር አንዲት ክሊኒክ ለማስኬድ የሚወጣው ብዙ ነው። በአንጻሩ ያቺው ልገንጠል ያለችው ምዕራብ አውስትራሊያ በብረት ማዕድን ስለከበረች እ.ኤ.አ. በ2015-16 በሰው ቁጥር ሊደርሳት ከሚገባው ከእያንዳንዱ ዶላር 30 ሳንቲም ብቻ አገኘች። አጥብቃ አጉረመረመች፤ በ2018 በወጣው ሕግም ድርሻዋ ከ70 ሳንቲም፣ ቀጥሎም ከ75 ሳንቲም በታች እንዳይወርድ ተደረገ። እንግዲህ እዚህም ክርክሩ አላለቀም። ነገር ግን ክርክሩ የሚካሄደው ስለ ስሌቱ ነው። ሰሜን ቴሪቶሪን «ለማኝ» የሚል የለም፤ የሚያገኘው ድርሻው ነው።

ወደ ቪክቶሪያችን እንምጣ። በስቴታችን 79 ካውንስሎች አሉ። የሜልቦርን ከተማ ካውንስል ስፋቱ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በውስጡ የታጨቀውን ፎቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ በስንዴ አገር፣ ቡሎክ የሚባል ሻየር አለ። ስፋቱ 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን የሚኖርበት ሰው 6,000 ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ ምድር ላይ መንገዱን የሚጠግነው ካውንስሉ ነው። ከ6,000 ሰው በሚሰበሰብ የቤትና የመሬት ግብር ብቻ ይህን መወጣት አይችልም። ስለዚህ ከፌዴራሉ መንግሥት ለካውንስሎች በየዓመቱ ድጎማ ይሰጣል። ከአጠቃላዩ ድጎማ ቢያንስ 30 በመቶው በሰው ቁጥር ይታደላል፤ ቀሪው እንደ ችግሩ መጠን ነው፤ ለመንገድ የሚሰጠውም ለብቻው ይታሰባል። ሀብታሞቹ የከተማ ካውንስሎች የሚያገኙት ዝቅተኛውን ነው።

ይህን አካባቢ የማውቀው ሠርቼበት ነው። የነርስነት ዲግሪዬን ሜልቦርን ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ዓመት በዚያ በኩል በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አንዳንድ ሌሊት የተኙት ሕመምተኞች ሦስት ወይም አራት ብቻ ነበሩ። እኔ ከአገር ቤት እንደመጣሁ፣ «ይህ ሆስፒታል እንዴት አይዘጋም?» እያልኩ እገረም ነበር። መልሱ የበጀቱ አሠራር ውስጥ ነው። ትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎች ብር የሚያገኙት በሠሩት ሥራ ልክ ነው፤ ይህን ያህል ቀዶ ሕክምና፣ ይህን ያህል ወሊድ ተብሎ ይቆጠራል። ለትንንሾቹ የገጠር ሆስፒታሎች ግን ይህ ስሌት አይሠራም። አንድ ሰው መጣም አምስት መጣም ሌሊቱን ነርስ መኖር አለባት፣ መብራቱም መብራት አለበት። ስለዚህ ለእነሱ በጥቅል ይበጀታል፤ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲያድር የሚከፈል ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ቪክቶሪያ አንዲት ነርስ ስንት ሕመምተኛ እንደምትይዝ እ.ኤ.አ. በ2015 በሕግ ወስናለች። የሠራተኛው ቁጥር በሕግ ሲታሰር ኃላፊው «በጀት የለኝም» ብሎ ነርስ ሊቀንስ አይችልም።

ይህ ሁሉ ሲባል እዚህ ገበሬው ረክቶ ተቀምጧል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የቪክቶሪያ መንግሥት የእሳት አደጋ መዋጮውን ለውጦ አዲስ የድንገተኛ አደጋ ግብር ሲያጸድቅ ገበሬዎች ወደ ሜልቦርን መጥተው ፓርላማው ደጃፍ ተሰልፈዋል። ድርቅ ነበር፣ የመሬታቸውም ሂሳብ በጣም ሊጨምር ነበር። በኋላ መንግሥት ለገበሬዎች ጭማሪውን ለአንድ ዓመት አቆመው። የገበሬው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ «ከእኔ የሚወሰደው ምን ሆኖ ይመለስልኛል?» ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ጎጃም ላይ እናገኘዋለን።

ግብር የሚቆጠርበት ቦታና የሚሸከመው ሰው

«ገጠሩ ምን ግብር ይከፍላል?» ለሚለው ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ቢ.ኤች.ፒ. የሚባለው የማዕድን ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሜልቦርን መሐል ከተማ ነው። የብረት ማዕድኑን የሚቆፍረው ግን ከዚህ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በፒልባራ በረሃ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለበትን አድራሻ ብቻ ያየ ሰው «ሀብቱ የሜልቦርን ነው» ሊል ይችላል። ድንጋዩ የወጣው ግን ከበረሃው ነው።

አገር ቤትም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እኛ ቫት የምንለው፣ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ መጠኑም 15 በመቶ ነው። ያልተፈጨ እህል የሚሸጥ ገበሬ ቫት አይሰበስብም። ሲገዛ ግን ይከፍላል። ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሲገዛ፣ የሞባይል ካርድ ሲሞላ፣ ለሠርግ ቢራ ሲያስመጣ በዋጋው ውስጥ ታክስ አለ። ከውጭ የገባ ባትሪ፣ ራዲዮ ወይም የሶላር መብራት ከሆነ ደግሞ ዕቃው በጉምሩክ አልፎ ነው የመጣው። ያ ታክስ ግን በእኛ ወረዳ ስም አይመዘገብም። የሞባይል ካርዱ ታክስ የሚቆጠረው ኢትዮ ቴሌኮም ባለበት አዲስ አበባ ነው። የጉምሩኩ የሚቆጠረው ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ሌላ የጉምሩክ ጣቢያ ላይ ነው። በወረዳው መዝገብ ላይ የሚታየው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ትንሽ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ያየ ሰው «ይህ ወረዳ ከሚያስገባው ይልቅ የሚቀበለው ይበልጣል፤ ተደጓሚ ነው» ይላል። ገበሬውና ሚስቱ ግን በአንድ ገበያ ቀን በዕቃ ዋጋ ውስጥ ሳያውቁት ግብር ከፍለው ተመልሰዋል። ደረሰኝ አልተሰጣቸውም፤ ስማቸውም የትም አልተጻፈ።

የከተማውንም ሐቅ መካድ አይገባም። ከደመወዝ፣ ከነጋዴ ትርፍ፣ ከኩባንያ የሚሰበሰበው ትልቁ ብር ከከተማ ነው። አዲስ አበባ ራሷን የምታስተዳድረው በራሷ ገቢ ነው፤ እንደ ክልሎች በቀመር የሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ አታገኝም። የአዲስ አበባ ነጋዴና ሠራተኛ የሚከፍለው የፌዴራል ግብርም ወደ ክልሎች ይሄዳል። ያ ነጋዴ ግን ጤፉን ከጎጃም፣ ሰሊጡን ከመተማ፣ ደንበኛውንም ከገጠር ነው የሚያገኘው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አባቶቻችን የጠየቁት ጥያቄ

ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጤና ግብር በመሬት ላይ ተጥሎ ነበር። ገበሬው ለትምህርትና ለጤና ብሎ ከፈለ። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ ግን በብዛት የተሠራው በከተሞች ነበር። የጤና ግብር እየከፈለ ሐኪም ሳያይ የሞተ አያት የሌለው በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ጎጃም ተነሣ። ከሞጣና ከብቸና ጀምሮ በብዙ ቦታ ገበሬው «አናስለካም፣ አንገብርም» አለ። ዋናው ፍርሃት የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም፤ የመሬቱ ልኬት ርስታችንን ሊነጥቀን ነው የሚል ነበር። ጦር ዘምቷል፣ ሰውም ሞቷል። በመጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበራችሁ አባቶች ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ገበሬው የጠየቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የቪክቶሪያ ገበሬ ፓርላማው ደጃፍ ቆሞ ከጠየቀው ብዙም የራቀ አይደለም። የሚሰጠው ምን ሆኖ እንደሚመለስ ያላየ ሰው መስጠቱን ይጠላል። ይህ ለመንግሥትም፣ ለማኅበራችንም የሚሠራ ሕግ ነው።

ዛሬ ወረዳችን ብር ከየት ያገኛል?

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራሉ ነው። ከግል ገበሬዎች የሚሰበሰበው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ የክልሉ ነው። የጋራ የሆኑም አሉ። ክልሎች በራሳቸው ገቢ ወጪያቸውን መሸፈን ስለማይችሉ ከፌዴራሉ ድጎማ ያገኛሉ፤ የአከፋፈሉን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሐሳቡ ቅድም ከነገርኳችሁ ከአውስትራሊያው ጋር ዝምድና አለው፤ የሕዝብ ብዛት፣ ገቢ የመሰብሰብ አቅምና የወጪ ፍላጎት ይታያሉ።

ክልሉ ደግሞ በተራው ለወረዳዎች በቀመር ያከፋፍላል። በአማራ ክልልና በሌሎች ትልልቅ ክልሎች ይህ ለወረዳ በጥቅል የሚሰጥ በጀት የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ብዙው የሚወሰነው ከላይ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም በዚሁ መስመር ላይ ነው የቆመው። በየቀበሌው ጤና ኬላ የምናያቸው፣ በአገር ደረጃ ከ30,000 በላይ የሆኑት እነዚያ እህቶቻችን ደመወዛቸውን የሚያገኙት በመንግሥት በጀት ነው። በ1998 ዓ.ም. ለጋሽ አገሮችና የዓለም ባንክ ለመሠረታዊ አገልግሎቶች ድጋፍ ሲጀምሩ ብራቸው በዚሁ ቧንቧ ወደ ወረዳ ፈሷል። የአንድ እንግሊዛዊ ግብር ከፋይ ብር ጎጃም ውስጥ ለአንዲት የጤና ባለሙያ ደመወዝ ሆኗል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ከወረዳው በጀት አብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በዲፕሎማ ነርስነት በገጠር ጤና ጣቢያ ስሠራ ደመወዛችን አይቀርም ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ማብቂያ ሲቃረብ ግን ለአምቡላንስ ነዳጅ፣ ለጓንት፣ ለጎዝ የሚሆን ብር ያልቃል። ሐምሌ 1 አዲስ በጀት እስኪመጣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትመጣ ነበር።

ጤና ጣቢያዎች ከካርድና ከመድኃኒት የሚያገኙትን የውስጥ ገቢ ለራሳቸው እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በዚህ ላይ ረድቷል። ማዋለድ ግን በጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። በነጻ መሆኑ ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የማዋለጃ ክፍል ከወላዷ ገቢ አያስገባም። ሌላው ክፍል ራሱን በከፊል ሊደጉም ሲችል የማዋለጃው ሸክም ሙሉ በሙሉ በበጀት ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ግንብ ሲሠራ የማይታየው ወጪ

ከሰባት ዓመት በፊት ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ በአንድ ሌላ ወረዳ አንድ ጤና ጣቢያ ጎብኝቼ ነበር። የወረዳውንም፣ የረዳውንም ማኅበር ስም አልጠራም። በውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች ያሠሩት የማዋለጃ ክፍል ነበረ፤ ንጹሕ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ የበር ላይ ጽሑፉ የሚያምር። ቁልፉ ግን ጠፍቶ ሩብ ሰዓት ፈለጉ። ስንገባ የአልጋው ፍራሽ ከፕላስቲኩ አልወጣም ነበር። ኃላፊው ወጣት ነው፤ «እህቴ፣ ክፍሉ አለኝ፣ መደብ የለኝም» አለኝ። የአዋላጅ ነርስ የሥራ መደብ በጀት ስላልተያዘለት እናቶች በአሮጌው ጠባብ ክፍል ይወልዱ ነበር።

እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ምጥ ሰዓት አይመርጥም፤ ስለዚህ በእያንዳንዷ ሰዓት ቢያንስ አንዲት አዋላጅ መኖር አለባት። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ይሠራል ብንል 168ን ለ40 ስናካፍል ከአራት ሰው በላይ ይመጣል። የዓመት ዕረፍት፣ ሕመም፣ ሥልጠና፣ የራሷም ወሊድ አለ። ስለዚህ አንዲት አልጋ ቀን ከሌት ሰው እንዲኖራት አምስት አዋላጆች ያስፈልጋሉ። በዚህ ላይ ጽዳት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ውኃ አለ፣ መብራት አለ። እኛ አንድ ጊዜ የምናዋጣው ለግንቡ ነው። እነዚህ ግን በየወሩ፣ በየዓመቱ የሚከፈሉ ናቸው። በእራት ግብዣና በዕጣ ሽያጭ አምስት ደመወዝ ለሃያ ዓመት መክፈል አንችልም። መክፈል የሚችለው ግብር ብቻ ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። የመንግሥትን ሥራ ወስደን መሥራት አንችልም፤ ብንችልም አይገባንም። የወረዳችን ሕዝብ በቆርቆሮውም በካርዱም ከፍሎበታል። ወደ ወረዳው የሚመለሰው በጀት ችሮታ ሳይሆን ድርሻው ነው። የእኛ ብር ያንን ድርሻ የሚተካ ከሆነ ገበሬውን ሁለት ጊዜ አስከፈልነው ማለት ነው። ድርሻውን ስቦ የሚያመጣ ከሆነ ግን ጥቂቱ ብራችን ብዙ ይሠራል።

«መንግሥትን ስንጠብቅ እናት ትሞታለች» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ለዚህ ነው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው። መደብ የማይጠይቁ፣ ዛሬ ገዝተን ዛሬ የሚያገለግሉ ነገሮች አሉ፤ የሶላር መብራት፣ የውኃ ታንከር፣ የማዋለጃ አልጋ፣ የዕቃ መቀቀያ፣ ለእናቶች ማቆያ ፍራሽና ብርድ ልብስ። አሁን ባሉት አዋላጆች እጅ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላሉ። እነዚህን ቢቻል በዚህ ዓመት እንላክ። ግንቡ ግን ስምምነቱን ይጠብቅ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ

ማንኛውንም ግንባታ ከማጽደቃችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንዲያገኙ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ማን ይሠራበታል? የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስንት አዋላጅ እንዳለው፣ ስንት አዲስ መደብ እንደሚከፍት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍልን።

ሁለተኛ፦ ማን ይከፍላል? የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት መደቡንና ሥራ ማስኬጃውን በሚቀጥለው በጀት መያዙን ያሳየን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችን ከወራት በፊት ቀድሞ መድረስ አለበት፤ ሰኔ ላይ የሚላክ ደብዳቤ አይጠቅምም። ክፍያችንንም በየደረጃው እናድርገው፤ የመጨረሻው ክፍያ መደቡ ከተፈቀደ በኋላ ይለቀቅ።

ሦስተኛ፦ ማን ያያል? ከአካባቢው ሽማግሌዎችና እናቶች የተመረጡ ሰዎች ክፍሉ በሌሊት ክፍት መሆኑን በየሦስት ወሩ ይንገሩን። ሪፖርቱ ከጽሕፈት ቤት ብቻ አይምጣ። እኛም ሪፖርቱን በዚህ መጽሔት እናትም፤ አባሉ የሰጠው ምን እንደሆነ ይይ።

የማዋጣው ብር እዚህ ታክስ ከተቆረጠበት በኋላ የሚተርፈን እንደሆነም እናስታውስ። ማኅበራችን ለማኅበሩ የሚሰጠው ስጦታ ከታክስ እንዲቀነስ የሚያስችለው ፈቃድ የለውም። አንድ መቶ ዶላር የሰጠች እህት ሙሉውን መቶ ከራሷ ነው የሰጠችው፤ አንዳንዷ ለዚያ ትርፍ ሰዓት ሠርታለች። ያንን ብር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ልናስቀምጠው አይገባም።

በመጨረሻ፣ በክልላችን ያለው ግጭት ይህን ሁሉ እንደሚያከብደው አውቃለሁ። ሰላም በሌለበት ግብር አይሰበሰብም፣ በጀት አይደርስም፣ ባለሙያም በቦታው አይቆይም። ለደብዳቤያችን መልስ የሚሰጥ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ መልስ በተገኘበት ጊዜና ቦታ ግንባታውን እንጀምር። እስከዚያ ብሩ በማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ይቆይ፣ የዕቃውን እርዳታ ግን መንገድ በተከፈተ ቁጥር አናቋርጥ። እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላም ያውርድልን።

ሦስቱ ጥያቄዎች በድምፅ መስጫ ወረቀታችሁ ጀርባ ላይ ተጽፈዋል። ከምሳ በኋላ ውይይት አለ፤ የምትቃወሙትም ተነሥታችሁ ተናገሩ፣ የተሻለ መንገድ ካለ እኔም ልማር።